ለአባቴ ውሻ የጋገርሁት ብስኩት

ለውሻ ብስኩት መጋገር የተማርሁት ላሊበላ ውስጥ፣ አንዲት ፈረንጅ ቤት ተቀጥሬ ምግብ ስሠራ ነው። ሴትዮዋ ለሥራ መጥታ ሁለት ዓመት ተኩል ተቀምጣለች። ካገሯ ጆሮው የተንጠለጠለ ቡናማ ውሻ ይዛ መጥታ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ማድ ቤት ጠርታ ዱቄት ስታስለካኝ ለራሷ ቁርስ መስሎኝ እንቁላሉን አሳምሬ መታሁላት። ለውሻው መሆኑን ስታስረዳኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷም አብራኝ ሳቀች፤ ምን እንዳሳቀኝ ግን የገባት አይመስለኝም።

ሥራው አይከብድም። የገብስ ዱቄት ይነፋል። ጉበት ያለ ጨው ይቀቀልና ድቅቅ ብሎ ይፈጫል። ሁለት እንቁላል ተመትቶ ከጉበቱ ጋር ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፤ ጉበቱ የተቀቀለበት ውሃ ጠብ እየተደረገበት ጠንከር ብሎ ይታሻል። ከዚያ በጠርሙስ ይዳመጥና በስኒ አፍ እየተቆረጠ ኦቨን ውስጥ እስኪደርቅ ይቆያል። ጨው የለው፣ ቅመም የለው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ስትለኝ አላመንኋትም። ስንቱ የእኛ አገር ውሻ የወጥ ድስት እየላሰ አርጅቶ የለም እንዴ። በኋላ የከተማው የእንስሳት ሐኪም እውነቷን ነው ሲለኝ ነው ዝም ያልሁት።

ያ ውሻ ብስኩቱን ከመብላቱ በፊት ቁጭ ይልና ቀኝ እጁን አንስቶ ይሰጣል። ለማንም ነው የሚሰጠው። የመብራት ቆጣሪ ለሚያነብ፣ እንጨት ይዛ ለመጣች፣ ለቤቱ አከራይ። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም ይበላል። መጀመሪያ ቀፎኝ የነበረ ነገር ቀስ በቀስ ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ሥራዋን ጨርሳ የሄደች ዕለት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለእሷ ሳይሆን ለውሻው ነው ያለቀስሁት።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም። ጥፋቱ የመጣው ይህንን ሙያዬን ይዤ አባቴ ቤት ስገባ ነው።

አባቴ ከብልባላ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መሬቱን እኩል አራሽ ያርስላቸዋል። እሳቸው በጎቻቸውን ይጠብቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ አጥራቸውን ይጠግናሉ። ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶት ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት ትተው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሸና መገንጠያው ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍቶ ይኖራል። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሁለታችንም አባቴ ቤት ስንገናኝ፣ ገና ጾሙን በቅጡ ሳንገድፍ ነገሩን ጀመረው።

"አባዬ፣ በቃ ይነሱ። ወይ እኔ ዘንድ፣ ወይ እሷ ዘንድ።"

"እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ሰዎች ተሸክመውኝ ነው" አሉ አባቴ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ያ ጥቁር ውሻቸው እያለ ማን ይደፍራቸዋል?" አልሁ።

"ውሻ ነው እንግዲህ የሚጦራቸው?"

"ካንተ ይሻላል። እሱ ቢያንስ ማታ ማታ ቤት ይገባል" አልሁት።

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። ሥራው ቀንም ሌሊትም መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ቃሌን መልሼ ልውጠው አልችልም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነበር። የላሊበላ ሆቴል ሁሉ እንግዳ አጥቶ የተዘጋበት ጊዜ ስለነበር እኔ ሥራ ፈት ነኝ፤ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ እቆያለሁ። ከዚያ በኋላም ውሻው እስካለ ድረስ አባቴ በቤታቸው ይኖራሉ። "አንድ ነገር የሆነ ቀን ግን መኪና ይዤ ነው የምመጣው፣ ያን ጊዜ ማንም አፉን እንዳይከፍት" ብሎኝ ሄደ። የአባቴ ቤት በዚያ ውሻ አንገት ላይ የተንጠለጠለች ያህል ሆነች ማለት ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለ ውሻው ልናገር። አባቴ ውሻ በማሳደግ የታወቁ ሰው ነበሩ። ከሙጃ ድረስ ቡችላ በጋቢው ሥር ይዞ የሚመጣ ሰው አይቻለሁ። አሠራራቸው ይህ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ጎረቤት ይጠሩና ቂጣ ያስይዙታል። ጎረቤቱ ቂጣውን ይዘረጋለታል። ቡችላው አፉን ሲከፍት አፍንጫውን በአርጩሜ ቸብ ያደርገዋል። በነጋታው ሌላ ጎረቤት፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ። ከዚያ አባቴ ራሳቸው በውሻው ገበታ ላይ ምግቡን አስቀምጠው "ብላ" ይሉታል። ያንን ቃል ከቤቱ ሰው አፍ ካልሰማ ውሻው አይቀምስም። ወር ሳይሞላው ባዳ ሥጋ ቢዘረጋለት እንኳ ፊቱን ማዞር ይማራል። እሳቸው ራሳቸው ከእጃቸው አይሰጡትም ነበር፤ እጅ ማየት የለመደ ውሻ የማንንም እጅ ያያል ይላሉ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሲባል ሰምተው "በሁሉም ቤት የበላውስ ለማን ይጩህ?" ይላሉ።

ይኸኛው ውሻ ጥቁር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ ቤት ሲበላ የታየ ሰው ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ ክርስትና ልጅ ነው፤ ግቢው ውስጥ ውሻው የታገሰው ሰው ግን የቤት ሰው ነው። እንዲህ ይባል ነበር፣ በቀልድ አይደለም።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያደግሁ ልጅ፣ ከተማ ኖሬ ስመለስ ጭካኔ መሰለኝ። ውሻው ለማንም ጭራውን አይቆላም፣ ማንም አይዳብሰውም። አሳዘነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ብልባላ ገበያ ወርጄ ጉበት ገዛሁና ገብሱን አስፈጨሁ። ኦቨን የለም። ኮባ ቅጠል ቢጠፋ ድስት ውስጥ ደረቅ ሣር አንጥፌ ብስኩቱን ደረደርሁ፤ ክዳኑ ላይ ፍም ከምሬ ከላይም ከታችም አበሰልሁት። ትንሽ አረረ እንጂ ምንም አይልም ነበር።

አባቴ ከደጅ ሆነው "ምን ይሸታል?" አሉ።

"ብስኩት ነው፣ አባዬ።"

"ለማን?"

"ለውሻው።"

"ሀብታም ሆነሻል ለካ" አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። "አብስለሽለታል፣ ይብላ። ግን ገበታው ላይ ጣይለት። እጅሽን አታስለምጂው።"

"እሺ" አልሁ። እሺ ማለት መቼ ይከብዳል።

በሳምንቱ ከእጄ እየበላ ነበር። በወሩ ቁጭ በል ስለው ቁጭ ይላል፣ "ሰላም በል" ስለው ቀኝ እጁን ያነሳል። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወይም ከእኩል አራሹ ጋር እርሻ ሲወርዱ ነው የማለማምደው። አጠገቤ ቆመውም ቢሆን አያዩኝም ነበር። የአባቴን ዓይን ድካም ተጠቅሜ ነው የእጃቸውን ሥራ ያፈረስሁት።

ፍልሰታ ሲገባ ጉበትና እንቁላል በዚያ ቤት አይታሰብም። አባቴ በጾም ድስታቸው ውስጥ የፍስክ ነገር ቢገባ ድስቱን የሚጥሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ በሶ በተልባ አሽቼ፣ የባቄላ ዱቄት ጨምሬ የጾም ብስኩት ጋገርሁ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰፌዱ ላይ በእጃቸው ዳብሰው አገኙና ሁለቱን በሉ። "ጨው ይጎድለዋል" አሉ። የማን እንደሆነ ስነግራቸው ሌላ አንድ አንስተው "ውሻውም እንግዲህ ከእኛ እኩል ጾመኛ ሆኗል" ብለው ሳቁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። የአብነት ተማሪዎች በየሣምንቱ ደበሏቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ይመጣሉ። ውሻው ከሩቅ ሆነው ገና ድምፃቸውን ሲሰማ አጥሩን ሊጥሰው ይደርሳል። ከመካከላቸው የአንዱ እግር ላይ የድሮ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አየሁ። ብስኩት በእጃቸው አስያዝኋቸው። አጠገባቸው ቆሜ "ብላ" አልሁት፤ ያችን የአባቴን ቃል። ውሻው እኔን አየ፣ እጃቸውን አየ፣ ፊቱን አዞረ። ደግሜ "ብላ" አልሁት። በላ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እኔ ሳልናገር እነሱ "ብላ" ሲሉት ይበላ ነበር፤ ከዚያም "ሰላም በል" ይሉትና እጁን ይሰጣቸዋል። ውሃ የምትቀዳ ስታልፍ ጠርቼ አሳይቻለሁ። ጨው የሚያዞር ነጋዴ ቆሞ አይቶ በሳቅ ፈርሷል። ወሬው ብልባላ ገበያ ደረሰ፤ ያ ኃይለኛ ውሻ እጅ ይሰጣል ተባለ። እኔ ደግሞ የተመሰገንሁ መሰለኝ። ማሰልጠን ከእኔ በላይ ላሳር አልሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከተማ አንድ ትንሽ ሆቴል መልሶ ተከፈተና ሥራ አገኘሁ። አባቴን ተሰናብቼ ስወጣ ልቤ ሙሉ ነበር። ውሻው አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ምን ይጎድላል ብዬ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት የጎረቤታችን ባል ስልክ ደወለ። አባትሽ ደኅና ናቸው፣ በጎቹ ግን የሉም አለኝ። አንዲትም አልቀረችም። በነጋታው እህል በጫነ ኢሱዙ ላይ ለምኜ ወጣሁና ደረስሁ።

ውሻው በሩ ላይ ነበር። ምንም አልሆነም፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ሲያየኝ ቁጭ አለና ቀኝ እጁን አነሳልኝ። አልነካሁትም። አልፌው ገባሁ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ሕፃኗን አቅፋ አጠገባቸው ቆማለች። አራስ ስለነበረች የበዓሉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ መንደሩ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ እሷ ብቻ ደጇ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ያየችውን ለእኔም ደገመችልኝ።

"ሁለት ሰዎች ናቸው። ውሻው መጀመሪያ ጮኸ፣ እኔም ቀና አልሁ። ኋላ አንደኛው ጎንበስ ብሎ ሲያበላው አየሁ። በላ። ጭራሽ ቁጭ ብሎ እጁን ሰጣቸው። የእሳቸው ውሻ ባዳ የሰጠውን እንደማይበላ የማያውቅ አለ? የጋሸናው ልጃቸው ሰው ይዞ መጥቷል፣ በጉን ሊሸጥላቸው ነው ብዬ እጄን አንስቼ ሰላም አልኋቸው። እነሱም ሰላም አሉኝ።" እንባዋ መጣ። "ብጮህ ኖሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ይሰማ ነበር። ይማሩኝ አባቴ።"

"አንቺ ምን አደረግሽ። ትክክል ነው ያሰብሽው" አሏት አባቴ። "ሂጂ ግቢ፣ ብርድ እንዳይመታሽ።"

እሷ ስትሄድ ሁለታችን ቀረን። አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ትከሻዬን አልፎ ነበር የሚያየው።

"ልጄ፣ ያን ብስኩትሽን ከእጅሽ ሰጥተሽው ታውቂያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ። ገበታው ላይ ነው።"

"ባዳስ ሰጥቶት ያውቃል?"

"አያውቅም" አልሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ወንድሜን ፈርቼ ነው ብዬ ነበር፤ በፋሲካ የሰደብሁት ወንድሜ እየመጣ ነበርና። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን በውስጤ ነቅዟል።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያሳደጉትን ልጅ ቃል የሚጠራጠሩ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸው ያሳደጓት ልጅ ነኝና። "እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ይኸኛውን ሳሳድግ ዓይኔ ደክሞ ነበር። አርጩሜው አፍንጫው ላይ ይረፍ ወይ አይረፍ አላየሁም። እጄ ላልቷል ማለት ነው።"

ውሻውን አልመቱትም፣ አልረገሙትም። ማታ ገበታው ላይ ቂጣ አስቀመጡለት። "ብላ" ግን አላሉትም። ውሻው ቂጣውን እያየ ቆመ፣ ቆመና በላ።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን፣ እንዳለው፣ መኪና ይዞ መጣ። እኔ ክርክር ጠብቄ ነበር። ሰዎች ተሸክመውኝ እንጂ ያሉት ሰው ራሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዳዊታቸውን ይዘው፣ በወንድሜ ትከሻ ተደግፈው ወጡ። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያኖች ልሳለም ብለው እኔን መረጡ። እኔን ነው የመረጡት።

ውሻው ለጎረቤታችን ተሰጠ፤ ለምን ይጠቅማል ብለው ብዙ አላቆዩትም። በኋላ ብልባላ ገበያ ሥጋ ቤቱ ደጅ ላይ አገኘሁት። ለሚያልፈው ሁሉ ቁጭ እያለ እጁን ያነሳል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ድንጋይ ይወረውርበታል።

አባቴ እኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ግድም ኖሩ። ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ፣ ተመልሰው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። አንድም ቀን ቤቴ አላሉም፤ "እዚህ" ነበር የሚሉት። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቻለሁ። ዛሬስ ይብሉ ምሳቸውን፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ቀኑ ይመሻል።

አንድ የበጋ ቅዳሜ ከብልባላ አንድ ገበሬ መጣ። ከጋቢው ሥር ቡችላ አወጣ። "አባታችን፣ እዚህ ድረስ የመጣሁት እርስዎን ብዬ ነው። በጄ ይበሉኝና ሦስት ወር እርስዎ ዘንድ ይቆይ" አላቸው።

እኔ ጠላ ልቀዳ ጣሳውን ይዤ ቆሜ ነበር። አባቴ ቡችላውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዳበሱት። አፉን ከፍተው ላንቃውን ነኩ፣ የእግሩን ውፍረት ለኩ። ፊታቸው በራ። ያን ፊት ካየሁት ቆይቶ ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ይኸ ቤት ይጠብቃል።" ከዚያ አንስተው ወደ ሰውየው ዘረጉለት። "ግን ለሚችል ሰው ውሰደው። እኔ ውሻ ማሳደግ አልችልበትም። ስችል የመሰለኝ ጊዜ ነበር።"

"ኧረ አባታችን፣ አገር የሚያውቅዎት—"

"አገርማ ተሳስቶ ነው። ያሳደግሁት ውሻ ለሌባ እጁን ሰጠ፤ አራሷ በዓይኗ አይታለች። ሰው ችሎታው ከሄደ በኋላ በስሙ መኖር የለበትም።"

ሰውየው አንድ ነገር በይ እንጂ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። በእኔ አፍ ዘመዱ ሁሉ ይማረራል፤ ወንድሜ ምላስሽ ለብቻው ይታሰር ይለኝ ነበር። የሚባለው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ነኝ ማለት።

"ጠላ ልቅዳልህ?" አልሁት።

ጽዋውን ዘረጋ፣ ቀዳሁለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ቡችላውን መልሶ ጋቢው ሥር ከቶ ሄደ። አባቴ ለፍልሰታ ሳይደርሱ አረፉ። ሲያርፉ ውሻ ማሳደግ የማይችሉ ሰው እንደነበሩ አምነው ነው።